ነፍስ ማወቅ በዕብራይስጥ ምን ይባላል?

ሥራ የጀመርሁት እሑድ ቀን ነው። ከምኖርበት ከክርያት ሐይም በባቡር ተሳፍሬ ክሊኒኩ በር ላይ ስደርስ ገና ሰዉ አልገባም፤ ቆሜ ጠበቅሁ። መርሳት የጀመራቸው አረጋውያን የሚመረመሩበት ክሊኒክ ነው፤ ስሙን ልተወው። የእኔ ማዕረግ መጋሼሬት ይባላል። አስተርጓሚ ማለት ነው፣ ግን የሐኪሙንና የሕዝባችንን ጠባይም እንድታስማማ ይጠበቅባታል። ከዚያ በፊት ዐሥራ ሁለት ዓመት አረጋውያንን ሳጥብና ስመግብ ኖሬ፣ ኮርስ ተምሬ፣ የምስክር ወረቀት ይዤ የመጣሁ ነኝና ያን ቀን የሚያህለኝ አልነበረም።

ኃላፊዬ ዶክተር ኖጋ የመርሳት ሐኪም ሆና መነጽሯን በቀን አራት ጊዜ የምትረሳ ሴት ነበረች። ፀጉሯ ላይ ሰክታው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ትፈልገዋለች። የሥራውን ሕግ በአጭሩ ነገረችኝ።

"ታካሚው 'እኔ' ካለ አንቺም 'እኔ' ትያለሽ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታሳምሪ።"

"ቤሰደር" አልኋት፣ እሺ ማለት ነው። ቀላል መሰለኝ።

የመጀመሪያው ታካሚ ከነሸር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ዶክተሯ ስለ ወላጆቻቸው ስትጠይቃቸው "አባቴ የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው" አሉ። ቃሉን እንደ ወረደ ወሰድሁት። የወደቀና የደከመ ሰው "ነፍሱን አያውቅም" ይባል የለም? "አባቴ ሲሞት እኔ ራሴን ስቼ ነበር" ብዬ በዕብራይስጥ አስተላለፍሁ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። "ለምን ያህል ጊዜ?"

"ነፍስ ሳያውቁ ምን ያህል ቆዩ?" አልኋቸው።

ሽማግሌው አሰቡና "እኔ እንጃ፤ አራት አምስት ዓመት ይሆናል" አሉኝ።

ይህንንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ ተረጎምሁት። ዶክተር ኖጋ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። አምስት ዓመት ራሱን ስቶ የተነሣ ሰው አይታ አታውቅም። የልብም የጭንቅላትም ምርመራ ታዘዘላቸው። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ስልክ ደውላ "አባቴን ምን አገኛችሁበት?" ብላ ስትጮህ ነው ነገሩ የተገለጠው። ቀልጬ ልጠፋ ምንም አልቀረኝም።

ዶክተር ኖጋ አልተቆጣችም። ወንበሬን ወደ እሷ አስጠግታ "እስቲ አስረጂኝ፤ እናንተ ዘንድ ሰው ነፍስ የሚያውቀው መቼ ነው?" አለችኝ።

"ነገር ሲገባው። ደግና ክፉ ሲለይ። የሆነውን ሲያስታውስ።"

"ለዚህ ለሦስቱም አንድ ቃል አላችሁ?"

"አለን።"

"እኛ የለንም" አለች። እንደ መቅናት ያለ ነገር አየሁባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወገኖቻችን ለመጣ ታካሚ ሁሉ በፈተናው መጨረሻ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ "መጀመሪያ ትዝ የሚልዎ ነገር ምንድን ነው?"

እኔም በበኩሌ ትምህርት ወሰድሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከእንግዲህ "ነፍስ ሳላውቅ" የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር "ጨቅላ ሳለሁ" ብዬ ልተረጉመው ቆረጥሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲያ አደረግሁ። አንድም ሰው አላረመኝ። እኔም ጎበዝ የሆንሁ መሰለኝ።

ፈተናው ብዙ ክፍል አለው። ሦስት ቃል ትነግራቸዋለህ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሰህ ትጠይቃለህ። ቀኑን፣ ፎቁን፣ ከተማውን ትጠይቃለህ። ስንት ሰዓት ነው ሲባሉ "አራት" የሚሉ አሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ግን ዐሥር ይላል። በአገራችን አቆጣጠር ልክ ናቸው። አራት ብዬ ብተረጉም ሊወድቁ ነው፣ ዐሥር ብል ጨመርሁ ነው። ለዚህ እንኳ ከዶክተሯ ጋር መላ አበጀን፤ "አራት፣ በአገራቸው አቆጣጠር" እላለሁ፣ እሷ ልክ ብላ ትጽፋለች።

የምወደው ግን ያችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ነበር። ቀኑንና ወሩን ሲጠየቁ እንደ ተማሪ የተሸማቀቁ ሰዎች እዚያች ላይ ሲደርሱ ወገባቸው ይቀናል። አንዱ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው ሲሰደዱ አህያ ላይ ከተጫነ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጦ የአህያዋን ጆሮ ያየው ትዝ ይለዋል። አንዷ ታላቅ እህቷ ስትዳር አልለቅም ብላ ቀሚሷን የያዘችውን ታስታውሳለች። ሌላው ደግሞ ምንም የለውም፤ ከዐሥር ዓመቱ ወዲያ ጭጋግ ነው።

"ለምን ይሆን አንዱ ከሦስት ከአራት ዓመቱ የሚያስታውስ፣ ሌላው ከዐሥር?" አልኋት አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ።

"ብዙ ምክንያት ይባላል" አለች ዶክተር ኖጋ። "ቋንቋ ቶሎ የፈታ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ 'ትናንት ምን አየህ?' የሚለው ልጅ፣ የሆነውን ደጋግሞ የሚያወራ ልጅ ይይዘዋል። ቤት መቀየርም፣ ደስታም፣ ድንጋጤም ምልክት ይተዋል። አንቺስ?"

እኔ የማስታውሰው ከሰባት ዓመቴ ነው። ለቤታችን ስምንተኛ ልጅ ነበርሁ። ከዘጠኝ ልጅ መካከል ተጠርቼ ትናንት ምን አየሽ የሚለኝ ማን ነው? ይህን ስነግራት ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ትንሽ ቆጨኝ።

እማማ ትርፌ የመጡት ዶክተር ኖጋ ለጥቂት ሳምንታት ውጭ አገር ሄዳ በነበረ ጊዜ ነው። በእሷ ፋንታ ዶክተር ኢታይ የሚባል ወጣት ሐኪም ይሠራ ነበር፤ ጨዋ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። እማማ ትርፌ ኔቬ ዮሴፍ የሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያመጣቸው ልጃቸው ደሴ ነው። ነሸር የሚኖር ሹፌር ነው፣ ሰባት ቤተሰብ ያስተዳድራል። እናቱን ደግፎ ወንበር ላይ ካስቀመጠ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በስሜ ጠራኝ።

"ጋዙን ከፍታ ትረሳለች፣ ስመኝ። ሁለት ጊዜ ጎረቤት ነው ያተረፋት። እኔ በሚሽማሮት፣ በፈረቃ ነው የምሠራ፤ ሌሊት ሌሊት መንገድ ላይ ነኝ። ቤት አቮት ብትገባ አይሻልም ወይ?"

ቤት አቮት የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ደሴ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነበር።

ቅጹን የሞላሁት ከእሱ ነው። ስለ እማማ ትርፌ ወላጆች ስጠይቀው "እናቷ የሞተች እምዬ ነፍስ ሳታውቅ ነው" አለኝ። እኔም በለመደ እጄ "የታካሚዋ እናት ታካሚዋ ጨቅላ ሳለች ሞታለች" ብዬ በዕብራይስጥ ጻፍሁ። ጽሕፈቴም ያማረ ነበር።

እማማ ትርፌ ፈተናውን በቀልድ ነው የተፈተኑት። ሦስቱ ቃላት ቤት፣ ዛፍ፣ ድመት ነበሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስጠይቃቸው "ድመቷ አለች። ሌሎቹን እሷ በልታቸው ይሆናል" አሉኝ። ቀኑን አላወቁትም። "ሰንበት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሰንበት ቢሆን እዚህ ምን አመጣኝ?" አሉ። ሁሉንም ተረጎምሁ። ዶክተር ኢታይ ፈገግ እያለ ነጥብ ይቀንሳል።

መጨረሻ ላይ፣ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸውን ጠየቅኋቸው።

"የእናቴ ጡት" አሉ ወዲያው። "እሬት ተቀብቶ ሲመረኝ።"

ዶክተር ኢታይ ቅጹን ገልጦ የጻፍሁትን አነበበ፣ ከዚያ አንድ መሥመር ጻፈ። እኔ ቀጣዩ ታካሚ መጥቶ ነበርና ምን እንደ ጻፈ አላየሁም።

ውጤቱ የተነገረው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። እማማ ትርፌ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከደሴ ጋር መጡ። ዶክተሩ በቀስታ እያነበበ እኔ እተረጉማለሁ። "ታካሚዋ በቅርቡ የሆነውን ትረሳለች። ከዚህም በላይ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጋ ታወራለች፤ ለምሳሌ ጨቅላ ሳለች የሞተችውን እናቷን አስታውሳለሁ ትላለች። እውነቱንና ያልሆነውን መለየት ስላቃታት ብቻዋን መኖሯ አደጋ አለው።"

ይህን ስተረጉም "እኔ" የምለው የለኝም። ስለ እሳቸው ለእሳቸው መናገር ነበረብኝ።

እማማ ትርፌ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ጨቅላ ማን አለ?" አሉ። "ስሮጥ፣ ስናገር፣ ለጎረቤት ስላላክ ነው እኮ እናቴ የሞተች። ነፍስ ሳላውቅ ማለት ጨቅላ ማለት ነው እንዴ?"

ዶክተሩ "ምን አለች?" አለኝ።

እዚያ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት የተከበርሁበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ግን "በውጤቱ አልተስማማችም" አልሁ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የማፍርበት ትርጉም ይኸው ነው።

ደሴ መኪናውን ሊያመጣ ወረደ። እኔ እማማ ትርፌን ይዤ ኮሪደሩ ውስጥ ቆምሁ። እንባቸውን ሳይ ስለ ቤታቸው የሚያለቅሱ መስሎኝ "አይዞዎት፣ ገና ቤትዎን አልለቀቁም" አልኋቸው።

"ቤቱስ ቤት ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ። እኔ ከእናቴ ያለኝ ያች አንዲት ነገር ናት፤ መልኳን እንኳ አላውቀው። አሁን እሷንም ውሸት አሉብኝ።"

እጃቸውን ስሜ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው።

ዶክተር ኖጋ በተመለሰች ቀን ካፖርቷን ሳታወልቅ ገባሁባት። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ "አልተስማማችም" ያልሁትንም ጭምር። ወጣቱ ሐኪም አልተሳሳተም፤ ጨቅላ ሳለ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው የለም። የተሳሳተው እኔ የሰጠሁት ወረቀት ነው አልኋት።

"ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጨቅላ እያልሽ ነው የተረጎምሽው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስንት ሰው?"

"አላውቅም። ፋይሎቹን አውጥቼ እቆጥራቸዋለሁ።"

ያን ጊዜ ተቆጣች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ግን መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ትቆጥሪያቸዋለሽ" አለች። "መጀመሪያ ግን ይችን ሴት እንመልሳት። የልጅነቷን የሚያውቅላት ሰው አለ?"

አለ። እማማ ትርፌ ታላቅ ወንድም አሏቸው፤ አያ ታከለ። ሰማንያን ያለፉ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ እንደ እኔ የክርያት ሐይም ሰው ናቸው። ደሴ ሁለቱንም አመጣቸው። ዶክተር ኖጋ አንዱ ለአንዱ እንዳይነግር ለየብቻ ጠየቀቻቸው፤ ሕጉ እንዲያ ነው። ሁለቱንም በቋንቋቸው የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ከአንዱ የሰማሁትን ለሌላው እንዳልነግር አስጠነቀቀችኝ።

መጀመሪያ እማማ ትርፌ ገቡ። ዶክተሯ "ስለዚያ እሬት ሁሉንም ንገሪኝ" አለቻቸው።

እማማ ትርፌ ወደ በሩ አዩ። "ለሐኪም ነው የምናገር፤ ለሌላ አይደለም" አሉ። "አያቴ ጡት እንድጥል እናቴን እሬት አስቀባቻት። ስጠባ ምላሴን አቃጠለኝ፣ ጮህሁ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ሳቁ አይደለም የመረረኝ፤ እናቴ አብራ መሳቋ ነው። ሴቶቹ ውሃ ሲወርዱ ግን እናቴ ከቤቱ ኋላ ወሰደችኝ፣ በቅል ውሃ ጡቷን አጠበችልኝና አጠባችኝ። 'ለማንም እንዳትናገሪ' አለችኝ። በማግሥቱም እንዲያው። ሰው ፊት እሬት ትቀባለች፣ ከቤቱ ኋላ ታጥባለች። እኔም ለማንም አልተናገርሁም። እየተኛሁ፣ እየተነሣሁ ለራሴ ብቻ እለዋለሁ። እንዳልረሳው።"

"እኔ" እያልሁ ነው የተረጎምሁት። "እናቴ አጠባችኝ" ስል ድምፄ ተሰበረ። ዶክተሯ እስክስተካከል ጠበቀችኝ።

ቀጥሎ አያ ታከለ ገቡ። እህታቸው ጡት የጣለችበትን ጊዜ እንደሚያስታውሱ ጠየቅኋቸው።

"እንዴታ!" አሉ። "ትርፌ የመጨረሻ ናት። አራት ዓመት ካለፋት በኋላ ቆማ ነበር የምትጠባ፤ መንደሩ ሲስቅባት። አያታችን እሬት አምጣ ብላ ገደል ላከችኝ። አመጣሁ። ተቀባ። አልያዘም፣ ልጅቱ አልተወችም። 'ያመጣኸው ሐሰተኛ እሬት ነው' ተባልሁ። እንደ ገና ወረድሁ። አሁንም አልያዘም። በሦስተኛው 'ይህ ልጅ እያሾፈብን ነው' ብላ አያቴ በልምጭ ገረፈችኝ። እሬቱ እኮ እውነተኛ ነበር! ቀምሼዋለሁ! እስከ ዛሬ ምን እንደ ሆነ አልገባኝም። እናታችን በተከታዩ ክረምት ሞተች።"

እኔ አውቃለሁ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በግፍ የተገረፉበትን ምክንያት ይጠይቃሉ፣ መልሱ ከአፌ ውስጥ አለ፣ ሕጉ ደግሞ አትጨምሪ ይላል። ከንፈሬን ነክሼ ተረጎምሁ። ዶክተር ኖጋ መጻፍ አቆመች። ተነሥታ በሩን ከፈተችና እማማ ትርፌን ራሷ ክንዳቸውን ይዛ አስገባች። ደሴም ተከትሎ ገባ።

"እማማ ትርፌ" አልሁ በዶክተሯ ቃል፣ "ሚስጥሩን ለወንድምዎ ይነግሯቸዋል?"

እሳቸው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነገሯቸው። አያ ታከለ ሰምተው ጨረሱና ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

"በእኔ ጀርባ!" አሉ። "አንቺ ከቤት ኋላ ስትጠቢ እኔ ተገረፍሁ!"

"ምን ላድርግ፣ አያ? አትናገሪ ብላኛለች።"

"ሦስት ጊዜ ገደል የወረድሁ!" ብለው ሳቁ፣ ሲስቁ እንባቸው ወረደ፣ እንባውን ሊጠርጉም አልሞከሩ። "እናታችን እንዲህ ያለች ተንኮለኛ ነበረች? አላውቅም ነበር። አላውቅም ነበር!"

ዶክተር ኖጋ የፈተናውን ነጥብ አልሰረዘችም። እማማ ትርፌ በእርግጥ መርሳት ጀምረዋል። ነገር ግን ጅምር ነው። በቀን ጥቂት ሰዓት የምታግዝ ሴት፣ ራሱን የሚዘጋ ምድጃ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ምርመራ ታዘዘ፤ ቤታቸው እንዲኖሩ ተፈቀደ። ደሴም ምድጃው ራሱን እንደሚዘጋ ሲሰማ ከትከሻው ሸክም ወረደለት። ያ የድሮው መሥመር ግን ተሰረዘ። ዶክተሯ አዲሱን ስትጽፍ ቆም አለችና "ነፍስ ማወቅ የሚለውን እንዴት ልበለው?" አለችኝ።

"አትተርጉሚው" አልኋት። "እንዳለ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፊው። ከጎኑ ትሮጥ ነበር፣ ትናገር ነበር፣ ትላላክ ነበር ብለሽ ጻፊ።"

ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። "አንብቢላት።"

"ታካሚዋ እናቷን ታስታውሳለች" ብዬ አነበብሁ። "የምታስታውሰውም እውነት ነው።"

"ድገሚው" አሉ እማማ ትርፌ።

ደገምሁት።

"በእነሱ ቋንቋስ እንዴት ይላል?"

በዕብራይስጥ ነገርኋቸው። ብዙ ዓመት እዚህ ኖረው ከ"ሻሎም" እና ከ"ቶዳ"፣ ከሰላምታና ከምስጋና በቀር የማይናገሩ ሴት ቃሉን ከአፌ አንድ በአንድ ተቀበሉኝ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፣ አረምኋቸው። ከዚያ ወደ ደሴ ዞሩና የልጆቹ ቋንቋ በሆነው በዕብራይስጥ "አኒ ዞኼሬት ኤት ኢማ ሼሊ" አሉት፤ እናቴን አስታውሳለሁ። ደሴ ከወንበሩ ተነሥቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከና "እምዬ፣ ምን ዓይነት ሴት ነበረች?" አላቸው። ከዚያ በፊት ጠይቋቸው አያውቅም።

የድሮ ፋይሎቹን አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ጨቅላ ያልሁባቸውን ቤተሰቦች እየደወልሁ ጠየቅሁ፣ ያረምሁትም ያላገኘሁትም አለ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ለአዲስ አስተርጓሚዎች የምነግራቸው ይህን ብቻ ነው፦ ዕድሜ አትገምቱ፤ ጠይቁ። ስትሳሳቱ ደግሞ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ተናገሩ።